ስለ ግብርና ላቦራቶሪ ቤት አሠራር፤ ኃይልን ሳያባክን፥ አገርንም ሳያጎድፍ እንዲቆም

የእርሻ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በዓይንና በልምድ ሲመራ የኖረ ሥራ ነው። ገበሬ አፈሩን በእጁ ዘግኖ፥ መልኩንና ልስላሴውን አይቶ፥ ይህ ለጤፍ ይሆናል፥ ያ ለስንዴ ይሻላል ብሎ ይለያል። ይህም ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ዓይን የማያየው እጅም የማይዳስሰው ነገር በአፈር ውስጥ አለ። የአፈሩ ኮምጣጣነት፥ የፎስፈረሱና የናይትሮጅኑ መጠን፥ በዘሩ ውስጥ የተሸሸገው በሽታ፥ በከብቱም ደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ተለይቶ የሚታወቀው በምርመራ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶው 40 እጅ ያህሉ አሲድ የበዛበት መሆኑ የተገለጠው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ኖራ ሳይጨምሩ ማዳበሪያ ብቻ መበተን በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መጫን ነው፤ ፎስፈረሱ በአፈሩ ውስጥ ካለው ብረትና አሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራልና።

ስለዚህ አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት በየክፍላቸው የአፈር፥ የዘርና የከብት በሽታ መመርመሪያ ቤት እንዲሠራ መትጋታቸው፥ ሰፊ እርሻ ያላቸውም ሰዎች ገንዘብ ለማዋጣት መነሣታቸው የሚያስመሰግን ነው። ዛሬ ይህን የምንጽፈው ግን ላቦራቶሪ ያስፈልጋል ለማለት አይደለም፤ ይህንስ ሁሉም ያውቀዋል። የምንጽፈው ቤቱ እንዴት ይሠራ የሚለው ነገር ከመሠረቱ በፊት ይታሰብበት ለማለት ነው። ቤቱ በክፉ ፕላን የተሠራ እንደ ሆነ ለገበሬው ረዳት መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ በጀት የሚበላ ባለዕዳ ይሆናል። መብራት በጠፋ ቀን ሥራው ይቆማል፤ የተጠራቀመው ናሙና ይበላሻል፤ ለመድኃኒትና ለመሣሪያ የተመደበው ገንዘብ ለናፍጣና ለመብራት ሒሳብ ይውላል። ገበሬውም አፈሩን ልኮ መልሱን ሲጠባበቅ የዘር ወራት ያልፍበታል። የዘር ወራት ካለፈ በኋላ የሚመጣ መልስ ደግሞ፥ ምንም እውነተኛ ቢሆን፥ ለዚያ ዓመት አይጠቅምም።

ባለ መሬት ለእንዲህ ያለው ሥራ መትጋቱ አዲስ ነገር አይደለም። በእንግላንድ አገር ሮትሃምስቴድ በተባለው ርስቱ ላይ ጆን ቤኔት ሎዝ የተባለው ባለ መሬት የስንዴ ማዳበሪያ ሙከራ የጀመረው በ1843 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) በ1855 ዓ.ም. ደግሞ ከሥራው የተጠቀሙት ገበሬዎች ገንዘብ አዋጥተው ላቦራቶሪ አሠሩለት። ያ ቤት ኤሌክትሪክ አልነበረውም፤ ብርሃኑ ከመስኮት፥ እሳቱም ከምድጃ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ስፍራ የወጣው ዕውቀት ዓለምን አስተምሯል፤ የስንዴው ሙከራም እስከ ዛሬ ድረስ አልተቋረጠም። ይህን ማንሣታችን ወደ ኋላ እንመለስ ለማለት አይደለም። የላቦራቶሪ ክብር በሚያወጣው እውነተኛ ቍጥር እንጂ በሚያቃጥለው ኃይል ብዛት እንዳይደለ ለማስታወስ ነው።

ላቦራቶሪ እንደ ጽሕፈት ቤት ያለ ቤት አይደለም። በአሜሪካ አገር በተደረገው ጥናት እንደ ታወቀው፥ አንድ ላቦራቶሪ በስፋት ከሚተካከለው ጽሕፈት ቤት ይልቅ ከ3 እስከ 5 እጥፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ኃይል ይበላል። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ ከሁሉ የሚበልጠው አየር ነው። በጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለው አየር ተመልሶ ቢዘዋወር ጉዳት የለውም። በላቦራቶሪ ግን የአሲድና የመርዝ ትነት ስላለ፥ አየሩ አንድ ጊዜ ገብቶ አንድ ጊዜ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ብርድ ባለበት አገር ያ የሚወጣው አየር ሁሉ አስቀድሞ የሞቀ፥ ሙቀት ባለበት አገርም አስቀድሞ የቀዘቀዘ ነው፤ የተደከመበት አየር በጭስ መውጫ ወደ ሰማይ ይሄዳል ማለት ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን ሒሳቡን እናሳይ። አሲድ የሚፈላበት የጢስ መሳቢያ ሣጥን አለ፤ በፊቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት የመስተዋት መዝጊያ አለው። የአፉ ወርድ 1 ሜትር ተኩል፥ ከፍታው ግማሽ ሜትር ቢሆን፥ አየሩም እንደ ተለመደው በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ቢገባበት፥ በአንድ ሰዓት 1,350 ሜትር ኩብ አየር ይስባል። ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ወርዱ 6 ሜትር፥ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል በጠቅላላው የሚይዘው 144 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሣጥን ብቻውን የክፍሉን አየር በሰዓት ከ9 ጊዜ በላይ ጠራርጎ ያወጣል። ሥራ ሳይኖር ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ቢያድር፥ ማንንም ሳይጠቅም ሲያወጣ ያድራል። መዝጊያው በግማሽ ዝቅ ቢልና ማራገቢያውም ፍጥነቱን ከመዝጊያው ጋር የሚያስተካክል ቢሆን ግን የሚወጣው አየር እኩሌታ ይሆናል። በማራገቢያ ሥራ ደግሞ አንድ ታላቅ ሕግ አለ፤ የአየሩ መጠን ከመቶ 20 እጅ ቢቀነስ የሚፈለገው ኃይል ወደ እኩሌታ ይወርዳል። በቀላል ጥንቃቄ ብዙ ትርፍ የሚገኘው በዚህ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። በሠራተኛው ሳንባ የሚደረግ ቁጠባ ቁጠባ አይደለም። ናይትሮጅንን ለመለካት አፈሩ በብርቱ የሰልፈር አሲድ ውስጥ በጣም በጋለ ምድጃ ላይ ይፈላል፤ ያን ትነት የሚስብ መሣሪያ ሳይኖር የሚሠራ ሰው ጤናውን ይሸጣል። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጠባ መሳቢያውን ማድከም አይደለም፤ መሳቢያ የሚያስፈልገውን ሥራ ከማያስፈልገው ለይቶ በአንድ ትንሽ ክፍል መሰብሰብ ነው። በብዙ ፕላን ላይ የሚታየው ጉድለት ይህ ነው፤ ጸሐፊው የሚጽፍበት፥ አፈሩ የሚፈጭበት፥ አሲዱም የሚፈላበት በአንድ ሰፊ አዳራሽ ይደረጋል፤ ከዚያም ለአዳራሹ ሁሉ የላቦራቶሪ አየር ይታዘዝለታል። ጽሕፈቱ ለብቻው መስኮቱ በሚከፈት ክፍል ቢሆን፥ አቧራ የሚያስነሣው መፍጫ ለብቻው የራሱ መሳቢያ ቢኖረው፥ አሲዱም ለብቻው ቢሆን፥ ማራገቢያ የሚያስፈልገው የቤቱ ክፍል በጣም ያንሳል። ሠራተኛውም ከቀድሞው ይልቅ ይጠበቃል።

ከዚህ ሌላ ሥራውን ራሱን መመርመር ይገባል። የአፈር ናሙና ለብዙው ምርመራ የሚደርቀው ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ነው። ይህን ሙቀት ለማግኘት የኤሌክትሪክ ምድጃ አያስፈልግም፤ ነፋስ የሚያልፍበት፥ አቧራ የማይገባበት፥ በቆርቆሮ ጣራ የተሸፈነ የማድረቂያ ሰገነት በበጋ ወራት ሥራውን ይሠራል፤ ምድጃው ለክረምት ይቆይ። እንዲሁም በብርሃን ጨረር አፈርን የሚመረምር መሣሪያ አለ። በናይሮቢ የሚገኘው የዓለም የደንና እርሻ ምርምር ማዕከል በዚህ አሠራር የታወቀ ነው፤ በኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የአፈር መረጃ ሥራ ውስጥ ይህ ዘዴ ገብቷል። መሣሪያው በአሲድ ምርመራ አስቀድሞ መስተካከል ስላለበት አሲዱን ፈጽሞ አያስቀርም። ነገር ግን ከብዙ ናሙና ጥቂቱ ብቻ በአሲድ ስለሚመረመር፥ የመድኃኒቱም የመሳቢያውም የቆሻሻውም ወጪ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ግንቡ እንምጣ። ግንበኛ ከመኪና ይቅደም የሚለው አሳብ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ነው። ኢትዮጵያ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ስፍራ ነው። በዚህ አገር ፀሐይ ቀትር ላይ ከራስ በላይ ትቆማለች፤ ጧትና ማታ ግን ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ታርፋለች። ስለዚህ ቤቱ ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጎ ይተከል፤ መስኮቶቹም በሰሜንና በደቡብ ይሁኑ። በሆለታ አካባቢ በ9 ዲግሪ ላይ ለሚሠራ ቤት አንድ ሜትር የወጣ የጣራ ክፈፍ ቢደረግለት፥ በታኅሣሥ ወር ቀትር ላይ የደቡቡን ግድግዳ 1 ሜትር ተኩል ያህል ያጠላል፤ በሰኔም ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር የሰሜኑን ግድግዳ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ያጠላል። ይህ ጥላ መብራት አይበላም፤ አይበላሽም፤ መለዋወጫ ዕቃም ከውጭ አገር አይጠየቅለትም።

ዛሬ ግን በብዙ ከተማ የሚወደደው ፊቱ ሁሉ መስተዋት የሆነ ቤት ነው። መስተዋት የሥልጣኔ ምልክት ይመስላል። በእውነቱ ግን ወደ ምዕራብ የዞረ የመስተዋት ግንብ ከቀትር በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሠራተኛውም መጋረጃ ጋርዶ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራል። ብርሃን ከመስኮት ተቀብሎ ለመሥራት የመስኮቱ ራስ ከፍ ያለ ይሁን፤ የክፍሉም ወርድ ከ6 ሜትር እጅግ አይብለጥ፤ ግድግዳው በውስጥ በኩል በኖራ ነጭ ሆኖ ይለሰን። የድሮ ግንበኞቻችን የትግራይን ሕድሞ በወፍራም የድንጋይ ግንብ፥ የደጋውንም ቤት ጤፍ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ሲሠሩ፥ የቀኑ ሙቀት ሌሊት እንዲቆይ፥ የሌሊቱም ቅዝቃዜ ቀን እንዲያገለግል ማድረጋቸው ነበር። ይህ ጥበብ ለላቦራቶሪም ይሆናል፤ ውስጡ አቧራ እንዳያረግፍና በውኃ እንዲታጠብ ሆኖ ይለሰን እንጂ። የቆርቆሮ ጣራም ከሥሩ ሙቀት የሚከላከል ኮርኒስ ይደረግለት፤ ያለዚያ ቀን ያግላል፥ ሌሊት ያበርዳል።

ይህ አሳብ በሌላ አገርም ተፈትኗል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፥ ሚክ ፒርስ የተባለው መሐንዲስ በፕላኑ የመራው ኢስትጌት የተባለ ታላቅ የጽሕፈት ቤትና የሱቅ ሕንፃ በ1996 ዓ.ም. ተከፍቷል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር በወለሉ ውስጥ እየገባ ሲሚንቶውን ያቀዘቅዛል፤ ቀን ደግሞ ያ ቅዝቃዜ ቤቱን ያገለግላል። ሐራሬ ደጋ ስለ ሆነች ሌሊቷ እንደኛ ደጋ ይቀዘቅዛል። ሕንፃው ላቦራቶሪ አይደለም፤ ይሁን እንጂ የላቦራቶሪው ጽሕፈት ቤት፥ መጽሐፍ ቤትና የስብሰባ አዳራሽ በዚህ መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ያስተምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በድፍረት እንናገራለን። ከዋናው ከተማ አንድ ፕላን ተስሎ ለደጋውም ለቆላውም መላኩ ትልቅ ጥፋት ነው። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ በአፋር ያለው ወረር ግን 750 ሜትር ያህል ነው። ለአንዱ ቸግሩ የጧት ብርድ ነው፤ ለሌላው የቀን ሐሩር ነው። ለአንዱ ወፍራም ግንብና ፀሐይ የሚቀበል መስኮት ይስማማዋል፤ ለሌላው ሰፊ በረንዳ፥ ድርብ ጣራ፥ ነፋስ የሚያልፍበት አዳራሽ ያስፈልገዋል፤ የሚቀዘቅዘውም ክፍል ትንሽ ሆኖ በቤቱ መካከል ይቀመጥ። ከፍታው መኪናውንም ይመለከታል፤ በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳር አየር ከመቶ 25 እጅ ያህል ስለሚቀል፥ በቆላ ሙሉ ኃይል የሚሰጥ ጄኔሬተር በደጋ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ሲታዘዝ የቦታው ከፍታ ለሻጩ በጽሑፍ ይነገረው።

ስለ ማቀዝቀዣም እንናገር። ለከብት በሽታ ምርመራ የሚሆነው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያደርስ ፍሪዘር፥ አሮጌ ከሆነ፥ በቀን 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ያው ፍሪዘር በ80 ፋንታ በ70 ዲግሪ ቢስተካከል ከመቶው 30 እጅ ያህሉ ይተርፋል፤ ብዙ ናሙናም በዚህ ቅዝቃዜ ያለ ጉዳት ይቆያል። ስለዚህ ሐኪሙ ለየናሙናው የሚበቃውን ቅዝቃዜ ይወስን። ለዘርም ከቅዝቃዜ በፊት ድርቀት ይቅደም። ሐሪንግተን የተባለው ሊቅ ባወጣው ሕግ፥ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቍጥር፥ ወይም ቅዝቃዜው 5 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር፥ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። ማድረቅ ደግሞ ከማቀዝቀዝ ይልቅ ርካሽ ነው። ለጥቂት ዓመት የሚቀመጥ ዘር በሚገባ ደርቆ አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ በሰሜን በኩል ባለ ወፍራም ግንብ ክፍል ቢቀመጥ ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ለብዙ ዘመን የሚቆየው ዘር ግን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሻል፤ እርሱም ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ለዚህ ሥራ ለተቋቋመው የዘር ማከማቻ ይላክ እንጂ በየወረዳው አይደገም።

በተፈጥሮ ቅዝቃዜ መጠቀም መልካም ቢሆንም ሒሳቡ በጥንቃቄ ይደረግ። በኖርዌ ግዛት በስቫልባርድ ደሴቶች በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የዓለም ዘር ማከማቻ በማይቀልጥ በረዷማ ተራራ ውስጥ ተቈፍሮ የተሠራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን ካልተጠበቀ ሙቀትና ዝናብ የተነሣ ውኃ ወደ መግቢያው ዋሻ ገባ። ዘሩ አልተጎዳም፤ ሆኖም መግቢያውን እንደ ገና ማሠራት አስፈልጓል። የአየሩ ጠባይ እየተለወጠ ስለ ሆነ፥ የዛሬን ብቻ ሳይሆን ከ50 ዓመት በኋላ ያለውንም ሙቀትና ጎርፍ አስቦ መሥራት ይገባል።

ውኃና ቆሻሻም ከኃይል የማይለዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሊትር ውኃ በኤሌክትሪክ አፍልቶ በትነት ለማጣራት 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በተጨማሪም ትነቱን ለማቀዝቀዝ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሆነ ውኃ በቧንቧ ይፈስሳል። ይህ የሚፈሰው ውኃ ንጹሕ ስለ ሆነ በማጠራቀሚያ ተይዞ ለዕቃ ማጠቢያ ይዋል። በዓመት 1,000 ሚሊሜትር ዝናብ በሚዘንብበት አገር 400 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣራ 400,000 ሊትር ይቀበላል፤ ከፊሉ እንኳ ቢባክን የቀረው ለማጠቢያና ለአትክልት ይተርፋል። የአሲዱ ፍሳሽ ግን ከሽንት ቤቱና ከዝናቡ ውኃ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅ። በአፈር ምርመራ ክሮሚየም ያለበት መድኃኒት አለ፤ ይህ ለብቻው በዕቃ ተጠራቅሞ ይያዝ እንጂ ወደ ወንዝ አይፍሰስ። የገበሬውን አፈር ለማዳን የተሠራ ቤት ከበታቹ ያለውን የገበሬ ወንዝ ቢመርዝ ምን ይባላል?

አሁን ደግሞ ተቃዋሚ የሚለውን እንስማ። አንዳንዱ፦ የዓባይ ግድብ በ2025 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋዋት ኃይል የማመንጨት ዐቅም አለው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክም አብዛኛው ከውኃ የሚገኝ ስለ ሆነ ጢስ የለበትም፤ ስለ ምን እንቆጥባለን? ይላል። ይህ አባባል በከፊል እውነት ነው። እኛ የምንቆጥበው እንደ አውሮጳ የድንጋይ ከሰል ጢስ ስላስጨነቀን አይደለም። ነገር ግን በግድቡ ያለው ኃይል ወደ ወረዳው የሚደርሰው በሽቦ ነው፤ ሽቦው በነፋስና በመብረቅ ይበጠሳል። በተበጠሰም ቀን ላቦራቶሪው በናፍጣ ይሠራል፤ ናፍጣውም በውጭ አገር ገንዘብ ይገዛል፥ ይጨሳልም። ጥቂት ኃይል የሚበቃው ቤት በዚያ ቀን ከጣራው በሚያገኘው የፀሐይ ኃይል ዋናውን ሥራ ያካሂዳል፤ ብዙ የሚበላው ቤት ግን ይዘጋል። በአገራችን በብዙው ስፍራ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ይቀበላል፤ ጥሩ ሰሌዳም ከዚህ ከመቶው 20 እጅ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። እንግዲህ ከአንድ ካሬ ሜትር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገኛል ማለት ነው። ለአንድ አሮጌ ፍሪዘር ብቻ 20 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ያስፈልጋል። አስቀድሞ ሳይቆጥቡ ሰሌዳ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ሌላው ደግሞ፦ እንዲህ ያለው ቤት ውድ ነው ይላል። በእርግጥ ፍጥነቱን የሚለዋውጥ ማራገቢያ፥ ሙቀትን ከሚወጣው አየር የሚያስቀር መሣሪያ፥ ጥሩ ፍሪዘር ዋጋው ይበልጣል። ቤቱን በምሥራቅና በምዕራብ መትከል ግን ዋጋ የለውም። ክፍሎቹን መለየት፥ ክፈፉን ማርዘም፥ መስኮቱን ከፍ ማድረግ ከመስተዋት ግንብ ይልቅ ርካሽ ነው። ማራገቢያውም ትንሽ የሚበቃ ሲሆን ቧንቧውም ጄኔሬተሩም ትንሽ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግንቡ የሚከፈልበት አንድ ጊዜ ነው፤ የመብራቱ ሒሳብ ግን በየወሩ ይመጣል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ አዲስ አሠራር አደጋ አለው የሚለው ነው። በእንግላንድ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከእንጨት እየተሠራ የነበረውና ከካርቦን ጢስ ነጻ ይሆናል የተባለለት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ በ2014 ዓ.ም. ሥራው ሳይፈጸም ተቃጠለ። አሳቡን ግን አልተዉትም፤ እንደ ገና ሠርተውት በ2017 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ለአካባቢ የሚስማማ ዕቃ ሁሉ ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ ስለዚህ የአሲድና የአልኮል ማከማቻ ከዋናው ቤት ተለይቶ በድንጋይ ይሠራ፤ የእሳት መከላከያውም ከመጀመሪያው የግንባታ ቀን ጀምሮ ይዘጋጅ። ሁለተኛው፥ አንድ መሰናክል የመልካም አሳብ መጨረሻ አይደለም።

ለነገም ማሰብ ያስፈልጋል። የምርመራ መሣሪያ በ10 ዓመት ያረጃል፤ ግንቡ ግን 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በካሊፎርንያ በላሆያ የሚገኘው፥ ሉዊስ ካን በፕላኑ የመራውና በ1965 ዓ.ም. የተፈጸመው የሳልክ ላቦራቶሪ፥ በየፎቁ መካከል ሰው ቆሞ የሚሠራበት የቧንቧና የሽቦ ፎቅ አለው። ስለዚህ መሣሪያ ሲለወጥ ግድግዳ ሳይፈርስ ቧንቧው ብቻ ይለወጣል። እኛ ይህን ያህል ፎቅ መሥራት ባንችልም፥ ቧንቧውን በግንብ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ በግልጥ በግድግዳው ላይ ማሳለፍ እንችላለን። የተቀበረ ቧንቧ ሲፈስ ግንብ ይፈርሳል፤ የሚታይ ቧንቧ ሲፈስ ግን የአገሩ ቧንቧ ሠሪ በመፍቻ ያጠብቀዋል። ሊጠግኑት የማይችሉትን ዕቃ መትከልም ከብክነት ሁሉ የባሰ ብክነት ነው።

ስለዚህ ክቡራን አስተዳዳሪዎችና ሹማምንት፥ እናንተም ለሥራው ገንዘብ የምታዋጡ ባለ እርሻዎች፥ ፕላን በቀረበላችሁ ጊዜ ከመፈረማችሁ በፊት ለመሐንዲሱ እነዚህን ጥያቄዎች እንድታቀርቡለት እናሳስባለን።

1ኛ፤ ይህ ቤት በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል? ገንዘቡስ ከየትኛው በጀት ይከፈላል?

2ኛ፤ ፕላኑ ለዚህ ቦታ ከፍታ፥ ሙቀትና ዝናብ የተሳለ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነው?

3ኛ፤ የጢስ መሳቢያው ስንት ነው? እያንዳንዱስ ለየትኛው ሥራ ነው? ማታ ማን ይዘጋዋል?

4ኛ፤ መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ የትኛው ሥራ ይቀጥላል? የትኛውስ ናሙና ይበላሻል?

5ኛ፤ የአሲዱ ፍሳሽ የት ይገባል? ከበታቹ ያለው ወንዝስ ማንን ያጠጣል?

6ኛ፤ ዕቃው ቢሰበር በዚህ አገር የሚጠግነው ማን ነው?

መሐንዲሱ ለእነዚህ በቍጥር መልስ ከሰጠ በደስታ ፈርሙ። መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ ግን ፕላኑን መልሱለት፤ ይህ ሥራውን ማዘግየት አይደለም። ግንብ ከቆመ በኋላ መስኮት ማዞር አይቻልም፤ በወረቀት ላይ ግን በአንድ ቀን ይዞራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው ነው። ቤቱም ከተሠራ በኋላ የመብራቱ ሒሳብ በየወሩ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከተመረመረው ናሙና ቍጥርም ጋር እየተነጻጸረ ለአስተዳዳሪው ይቅረብ። ለአንድ ገበሬ አፈር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደ ወጣ የሚያውቅ ሹም፥ የት እንደሚባክን ፈጥኖ ያውቃል።

ከዚህ ቁጠባ የሚተርፈው ገንዘብ ለምን ይሁን ቢባል፥ መልሱ የታወቀ ነው፤ ለመመርመሪያ መድኃኒት፥ ለሠለጠነ ሠራተኛ ደመወዝ፥ መልሱንም ከዘር ወራት በፊት ወደ ቀበሌ ለሚያደርስ መልእክተኛ ይሁን። ላቦራቶሪው የተሠራው ለዚህ ነውና።